ከታች ወደ ላይ የተሞላ ፎርም

አንድን ነገር ከሥሩ እስከ ጫፉ አስረድታችሁ፣ «ያልገባው አለ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ፣ «የለም» ተብላችሁ በደስታ ከተለያያችሁ በኋላ፣ ሳትናገሩት የቀራችሁት አንድ ነገር ብቻ ሁሉን ሲያፈርሰው ደርሶባችሁ ያውቃል? በእኔ ደርሷል። ያንን ነገር ያልተናገርኩት ረስቼው አይደለም። ማንም ሰው ሳይነገረው የሚያውቀው ስለ መሰለኝ ነው።

ቢቸና ስመደብ ሃያ አራት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሒሳብና ፊዚክስ አስተምር ነበር። ከከብት ገበያው ዝቅ ብላ የምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ከአንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ ጋር ተከራይተን እንኖራለን። እሱ የሐረር ሰው ነው፣ እኔ ከሸዋ ነኝ፤ ሁለታችንም ለአገሩ እንግዶች ነን። እኔ ሥርዓት እወዳለሁ። ከቤታችን ግድግዳ ላይ ውኃ የሚቀዳበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና ላምባ የሚገዛበት ቀን በሰንጠረዥ ተጽፎ ተለጥፏል። የቤት ጓደኛዬ ያንን ሰንጠረዥ ባየ ቁጥር፣ እኔ የሞትኩ ቀን መቃብር ቆፋሪዎቹ ዝርዝር ካልተሰጣቸው ሳልቀበር እንደምቀር ይነግረኛል። ማስረዳትም እወዳለሁ። አንድ ጊዜ ለጠየቀኝ ሰው ሦስት ጊዜ እመልሳለሁ።

በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል፤ ከእኔ የሚያንሰው በአንድ ዓመት ብቻ ነው። ከቢቸና ወደ ጉንደ ወይን በሚወስደው መንገድ የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ተሂዶ ከሚደረስበት ደብር የመጣ የመሪጌታ ልጅ ነው። ዜማውንም ቅኔውንም ከአባቱ ዘንድ ተምሮ ካበቃ በኋላ ነው የአስኳላ ትምህርት የጀመረው፤ ክፍል እየዘለለ እዚህ ደርሷል። ነጠላውን አጣፍቶ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ሲጠየቅ ደግሞ ተነሥቶ፣ እጁን አጣምሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመልሳል።

አንድ ሰኞ ስለ ድምፅ አስተምሬ ስጨርስ ከደጅ ጠበቀኝ። በእጁ የያዘው ወረቀት ላይ ሰንጠረዥ አለ። በአባቱ ደብር ቅጥር ውስጥ እንደ ደወል የሚመቱ አምስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ከእንጨት ላይ ተንጠልጥለዋል። የእያንዳንዱን ርዝመት በስንዝርና በጣት ለክቶ ከድምፁ ጋር አስተያይቶታል። ረጅሙ ወፍራም ድምፅ፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ እንደሚሰጥ ከልጅነቱ ያውቃል። ግን ሁለቱ ድንጋዮች እኩል ርዝመት አላቸው፤ ድምፃቸው ግን እኩል አይደለም። ለምን?

መልሱን ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። እንዴት እንደታገስኩ አላውቅም፤ ሌላ ያልለካኸው ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ብቻ ጠየቅሁት። ቅዳሜ ወደ አገሩ ሄደ፤ ሰኞ ተመልሶ መጣ። የድንጋዮቹን ውፍረት በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች መሐል እያስገባ ለክቶ፣ አዲስ ዐምድ ጨምሮበታል። ወፍራሙ ድንጋይ ነበር ቀጭን ድምፅ የሚሰጠው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ሲጠይቀኝ ድምፁ ዝቅ አላለም፤ ዝቅ ማድረጉን ረስቶት ነበር። ያን ቀን ይህ ሰው ወደ ሳይንስ ትምህርት መሄድ አለበት ብዬ ወሰንኩ። ውሳኔው የእኔ አለመሆኑ ትዝ አላለኝም።

በጥር ወር አባቱ ቤት ዝክር ስለ ነበረ ተጋበዝኩ። እዚያ የሆነውን ነገር መናገር አለብኝ። ቤቱ ስገባ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ከበሩ አጠገብ ተጣበው ተቀምጠዋል። ከፊት ለፊት ያለው አጎዛ የተነጠፈበት መደብ ባዶ ነው። እኔ ሰው እንዳላጣብብ ብዬ በቀጥታ ሄጄ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ቄስ ሳል ያዛቸው። መሪጌታው ዓይናቸው በሞራ እየተሸፈነ ስለ ነበረ ማን እንደተቀመጠ አልለዩም፤ ልጃቸው ጆሮአቸው ላይ ሲያንሾካሹክ ግን ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «ይሁን፣ ደክሟቸው ነው፤ ከሩቅ አገር ነው የመጡት» አሉ። ሰው ሁሉ አብሮ ሳቀ፤ እኔም ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ሳቅሁ።

በማግሥቱ ወደ ቢቸና ስንመለስ ተማሪዬ በመንገድ ላይ አስረዳኝ። ለአንድ ጊዜ እንኳ የማስረዳው እኔ አልነበርኩም። በዚህ አገር ሰው ድግስ ቤት ሲገባ ከበሩ አጠገብ፣ ከሁሉ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ባለቤቱ ይመጣና «ወደ ላይ» ይለዋል። እንግዳው እምቢ ይላል። እንደገና ይለዋል፤ እንደገና እምቢ ይላል። በሦስተኛው እጁን ይዞ ያነሣውና የሚገባው ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። እኔ ነገር ማጥራት ስለምወድ፣ ባለቤቱ ባይመጣስ ብዬ ጠየቅሁት። እንግዳው እስከ መጨረሻው ከበር አጠገብ ሊቀር ነው?

ቆም ብሎ አየኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ የማያውቅ ይመስል ነበር።

«የማይመጣ ባለቤት የለም» አለኝ።

በዚያው መንገድ ላይ ስለ ራሱ ነገር ነገረኝ። ቤተሰቡ የሚያርሰው መሬት የአገልግሎት መሬት ነው፤ ከቤቱ አንድ ሰው ደብሩን በማኅሌት ካላገለገለ መሬቱ ለሌላ አገልጋይ ይሰጣል። እስካሁን ያገለገሉት አባቱ ናቸው። አሁን ግን ሞራው ሁለቱንም ዓይናቸውን እየዘጋው ነው፤ በደረቅ ሌሊት ማኅሌት መግባት አቅቷቸዋል። የደብሩ አለቃ ሁለት ዓመት ታግሠዋል። በመጨረሻ አባትየው ለምነው አንድ ስምምነት ላይ ደርሰዋል። ልጁ እስከ መጪው መስቀል ድረስ ሐኪም የሚያደርገውን ትምህርት ካገኘ፣ ትምህርቱን እስኪጨርስ የአጎቱ ልጅ በእሱ ፈንታ ያገለግላል፤ መሬቱም ይቆያል። ካላገኘ ግን ተመልሶ ጥምጣሙን ጠምጥሞ የአባቱን ቦታ ይይዛል። ለምን ሐኪም ብቻ ሆነ? ከዓመታት በፊት በቢቸና ያለፈ አንድ የዓይን ሐኪም፣ ሞራው በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊነሣ እንደሚችል ተናግሮ፣ መሣሪያ አልያዝኩም ብሎ ሄዷል። መሪጌታው ያንን ሐኪም አይረሱትም። ያንን የሚያውቅ ሰው ከራሳቸው ቤት ቢወጣ ይወዳሉ።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ሕክምና ካገኘ ይማራል፤ ካላገኘ ይመለሳል። ሌላ መንገድ አልነበረም።

በሚያዝያ ወር ማትሪክ ሲቃረብ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ የምርጫ ትምህርት ሰጠሁ። ማንም አላዘዘኝም። ፎርሙ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚል ቁጥር የተጻፈባቸው ባዶ መስመሮች አሉ፤ ተማሪው ሊማራቸው የሚፈልጋቸውን ትምህርቶች የሚጽፈው እዚያ ላይ ነው። እኔ በተማርኩበት ዓመት ሦስቱንም መስመር በአንድ ትምህርት የሞላ ጓደኛ ነበረኝ። ውጤቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ ቦታው ሞላ ተባለና ዓመቱን ሙሉ ቤቱ ተቀመጠ። ያ እንዳይደገም አንድ ዘዴ አዘጋጅቻለሁ። ሰሌዳው ላይ መሰላል ሣልኩ። የላይኛው እርከን ከአቅም ትንሽ ከፍ ያለ ምኞት ነው። መካከለኛው ከአቅም ጋር ልክ የሆነ ነው። የታችኛውን «ማረፊያ» አልኩት፤ ሁሉ ቢከሽፍ ተማሪው መሬት ላይ እንዳይወድቅ የሚቀበለው ነው። ዝርዝሩ ሚዛን የሚኖረው ሦስቱም ሲኖሩ ነው አልኩ።

ለመሪጌታው ልጅ ለብቻው አስቀምጬው ሠራሁለት። ላይ ሕክምና። መካከል የሳይንስ ትምህርት፣ ማለት ፊዚክስና ኬሚስትሪ። ማረፊያው የመምህራን ማሠልጠኛ። የራሴን ሥራ ለሌላ ሰው ማረፊያ ብዬ ስጽፍ ምንም አልተሰማኝም፤ ሁልጊዜ ቦታ ስለሚገኝበት ነው ብዬ አሰብኩ።

እሱ ግን ፊቱ አልፈታም። «መምህር፣ ለእኔ አንዱ ብቻ ነው የሚጠቅመኝ» አለ። «ሌላውን ቢሰጡኝም አለቃ አይለቁኝም።»

እውነቱን ነበር። ባዶ መስመር ያለው ፎርም ያልተሟላ ተብሎ ሊጣል ይችላል አልኩት። ይህም እውነት ነው። ቀጥሎ የተናገርኩትን ግን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ፈተና ላይም ለክፍሉ ሁሉ የምደጋግመው ምክር ነበር። ከቀላሉ ጀምሩ፣ የያዛችሁትን አስተማምኑ፣ ከዚያ ወደ ከባዱ ውጡ እላቸዋለሁ። ለእሱም «መጀመሪያ ማረፊያችንን እናስተካክል» አልኩት። ከመሰላሉ ሥር ጀምሬ ወደ ላይ አስረዳሁት፤ እሱም እንደ ተናገርኩት ቅደም ተከተል ከደብተሩ ላይ ጻፈ። ጥያቄ እንዳለው ጠየቅሁት። የለም አለ።

ቁጥር አንድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው የሚጻፍበት መሆኑን አልነገርኩትም። ይህ ደግሞ የሚነገር ነገር ነው?

ፈተናውን ደብረ ማርቆስ ሄደው ተፈተኑ። ውጤቱ ሐምሌ ላይ መጣ። እኔ ከጠበቅሁት በላይ ነበር፤ በዚያ ውጤት ሕክምና የማይገባበት ምክንያት አልነበረም። የቤት ጓደኛዬ እንኳ ለአንድ ሳምንት ያህል በሰንጠረዤ አልቀለደም። ግን በዚያው ሰሞን ወደ ሞጣ እንድዛወር የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ዕቃዬን ጠቅልዬ በጭነት መኪና ላይ ሆኜ፣ ጭቃው ጎማውን ሲውጥ እየወረድን እየገፋን፣ በሦስተኛው ቀን ሞጣ ገባሁ።

ፎርሞቹ ቢቸና የደረሱት እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው። ያንን አስቀድሜ ስለ ገመትኩ ለተማሪዬ የሚፈጸሙትን ነገሮች በወረቀት ጽፌለት ነበር። ሰባት ነገሮች ነበሩ፦ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የውጤት ግልባጭ፣ ቴምብር፣ የዕድሜ ማስረጃ፣ የአባት ፊርማ፣ የርእሰ መምህሩ ማኅተም፣ ፎርሙ ለፖስታ የሚሰጥበት ቀን። በየጎናቸው ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ሳጥን ሠርቻለሁ። በነሐሴ አጋማሽ ያቺ ወረቀት በአንድ ሾፌር እጅ ሞጣ ድረስ ተመለሰችልኝ። ሰባቱም ሳጥኖች ላይ ምልክት አለ። ከታች በሚያምር የቁም ጽሕፈት «ሁሉም እንዳሉኝ ተሟልቷል» ይላል። ያንን ወረቀት አዲሱ ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

መስከረም በገባ በሦስተኛው ቀን ከቤት ጓደኛዬ ደብዳቤ መጣ። ቀልድ የሌለበት የመጀመሪያ ደብዳቤው ነበር። የምደባው ዝርዝር ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ተማሪህ የተመደበው ለመምህራን ማሠልጠኛ ነው ይላል። ስሕተት ነው አልኩ። የሌላ ሰው ስም ከእሱ ስም ጋር ተቀላቅሎ ነው አልኩ። ስልክ ቤት ሄጄ መስመር እስኪገኝ ሁለት ቀን ተመላለስኩ። አብሮኝ የተማረ አንድ ጓደኛዬ ምደባውን በሚሠራው ኮሚቴ ውስጥ ጸሐፊ ነበር፤ ፋይሉን ፈልጎ እንዲያየው ለመንኩት። በማግሥቱ እንደገና ደወልኩ።

መስመሩ ይንኮሻኮሻል፤ ድምፁ ይቆራረጣል። «በራሱ እጅ ቁጥር አንድ ላይ የጻፈው መምህርነትን ነው» አለኝ። «ሕክምና ሦስተኛ ላይ ነው ያለው። አንደኛውን ላገኘ ሰው ሦስተኛው መስመር አይነበብም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ውጤት ያለው ልጅ መምህርነትን አስቀድሞ ሲመርጥ ብለን እዚህ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።»

ይስተካከል አልኩት። የሕክምናው ቦታ ሞልቷል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ያመልክት አለኝ። ቴሌግራምም ላክሁ። መልሱ ምርጫው በአመልካቹ እጅ የተጻፈና የተፈረመ ስለሆነ አይለወጥም የሚል ሆነ። ትክክል ነበሩ። ፎርሙን በደንብ ነው ያነበቡት።

ለመስቀል አራት ቀን ሲቀረው ፈቃድ ጠይቄ ከሞጣ ተነሣሁ። ጉንደ ወይን ድረስ በጭነት መኪና ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ስለ ተበላሸ በእግሬ ነው የተጓዝኩት። ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ ለብሷል። ምን እንደምል አስቤ አስቤ፣ ነጥቦቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ በልቤ ደረደርኩ። ቤቱ ስደርስ አንዱም አልቀረልኝም።

መሪጌታው መደቡ ላይ፣ ልጃቸው ከእግራቸው ሥር ተቀምጠዋል። ከእነሱ ሌላ ማንም አልነበረም። ከበሩ አጠገብ፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ማን ነው?» አሉ መሪጌታው።

«መምህሬ ናቸው» አላቸው ልጁ።

«ወደ ላይ በላቸው እንጂ።»

ተነሥቶ መጣ። እምቢ አልኩ። እንደገና አለኝ፤ አልተነሣሁም። ሦስተኛ አላለኝም፤ እዚያው ከአጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ። የሆነውን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ቢቸና ሄዶ ዝርዝሩን አንብቧል። እኔ ግን እንዴት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ሕክምናን ለምን ከታች እንደጻፈው ጠየቅሁት።

ዓይኑ በሩ ላይ ነበር።

«ወደ ላይ በል የሚሉኝ መስሎኝ ነበር» አለ።

ሌላ ነገር አልተናገረም። የቀረውን የነገሩኝ አባቱ ናቸው። ፎርሙን ይዞ የመጣ ዕለት ሦስቱን ትምህርት አንብቦላቸዋል። የትኛውን አስቀድሜ ልጻፍ ብሎ ጠይቋቸዋል። እሳቸውም ተቆጥተዋል። ለትልቅ ቤት ማመልከቻ ሲጻፍ በመጀመሪያው መስመር ሐኪም አድርጉኝ ብሎ መጮህ ነውር መሆኑን እንዴት ያጣዋል ብለው ነው የተቆጡት። ትንሹን አስቀድም፣ የሚሰጡት ሰዎች ውጤትህን አይተው ይህስ ለዚህ አይበቃውም ብለው ራሳቸው ያነሡሃል ብለውታል።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አሉ መሪጌታው። ዓይናቸው ወደ እኔ ዞሯል፤ ግን ከትከሻዬ በላይ ያለውን ግድግዳ ነበር የሚያዩት። «እሱማ፣ መምህሬም ከታች ጀምር ብለውኛል አለኝ። አንቱም እንደ እኔ ካሉት ልክ ነን ብዬ ጻፍ አልኩት። ብለውት ነበር?»

«ብዬው ነበር» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ ነበር የደረሰብኝ ቅጣት ሁሉ። ሊወቅሱኝ ቢጀምሩ የምመልሰው ብዙ ነገር ነበረኝ። ግን በጥር ወር እዚያው ቤት ውስጥ፣ ያው መደብ ላይ ተቀምጬ ሲሳቅብኝ፣ ፎርሙ እንዴት እንደሚሞላ ከፊቴ ተገልጦ ነበር። በመንገድ ላይም ልጁ በቃል አስረድቶኛል። እንዲያውም ባለቤቱ ባይመጣስ ብዬ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቅሁት እኔ ነበርኩ። ጥያቄውን ጠይቄ ወደ ቢቸና ገባሁና መሰላል ሣልኩ።

በማግሥቱ ከልጁ ጋር ወደ አለቃው ዘንድ ሄድን። አንድ ዓመት ይጨመርለት ብዬ ለመንኩ። ውጤቱን አሳየሁ፤ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን አስረዳሁ፤ ደጋግሜ አስረዳሁ። አለቃው ክፉ ሰው አልነበሩም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት መታገሣቸውን፣ በማኅሌቱ የቀሩት አገልጋዮች ሁለት ብቻ መሆናቸውን፣ መሬቱን የሚጠብቁ ሌሎች እንዳሉ ነገሩኝ። ስምምነቱ ሐኪም ለሚሆን ሰው ነበር አሉ። በመጨረሻ የማሠልጠኛውን ወረቀት ጠየቁና ልጁ አነበበላቸው።

«መምህርነት ከሆነማ እዚህም መምህርነት አለ» አሉ።

ስንመለስ ለተማሪዬ ጥሎ እንዲሄድ ነገርኩት። ማሠልጠኛው ይግባ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሕክምና ያመልክት፣ መሬቱ ይቅር አልኩት። የማያዩ አባቴን የት ላስቀምጣቸው ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ሲጠይቅ እየተሟገተኝ አልነበረም፤ እኔ ዝርዝር አላጣም ብሎ ነው። አሰብኩ። አልነበረኝም።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ጥምጣም ጠምጥሞ ማኅሌት ገባ። ከእኔ ተውሶት የነበረውን የፊዚክስ መጽሐፍ በጨርቅ ጠቅልሎ በሾፌር እጅ ሞጣ ድረስ ላከልኝ። በውስጡ የድንጋዮቹ ሰንጠረዥ ነበረ፦ የርዝመት ዐምድ፣ የውፍረት ዐምድ፣ ከዚያ ቀጥሎ እኔ ወደ ፊት አብረን እንሞላዋለን ያልኩት ባዶ ዐምድ። መጽሐፉ ሲሄድ ከነበረው ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ነው የተመለሰው።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ቢቸና ለስብሰባ ስሄድ በዚያ ደብር በኩል አለፍኩ። ገና ከሩቅ ድንጋዮቹ ሲመቱ ሰማሁ፤ ወፍራሙን ከቀጭኑ ለየሁት። ከቅጥሩ ሲወጡ አገኘኋቸው፤ አባቱን በበትር ጫፍ ይመራቸዋል። መሪጌታው ጨርሶ አያዩም። በድምፄ ለዩኝ፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሞጣ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። ልጁ አጠገባቸው ቆሟል። ጥምጣሙ በዕድሜው ላይ አሥር ዓመት ጨምሮበታል። ልሰናበታቸው ስል ልጁ፣ ሞጣ ያሉት ተማሪዎችዎ ፎርሙን እንዴት ነው የሚሞሉት አለኝ።

እኔ ፊት ነው የሚሞሉት አልኩት። ጥሩ ነው አለ። አባቱን ይዞ ወደ ቤቱ ወረደ።

የነገርኩት እውነት ነው። ሞጣ ላይ መሰላል መሣል ትቻለሁ። ዝርዝሩ ሚዛን ይኑረው ማለትን አልተውኩም፤ ሦስቱም ዓይነት ያስፈልጋል ብዬ አሁንም አምናለሁ። ነገር ግን ማንም እስክሪብቶ ከማንሣቱ በፊት አንድ ነገር አደርጋለሁ። ተማሪውን አቆመውና፣ እኔ ትልቅ ሹም እንደሆንኩ አድርጎ፣ የሚፈልጋቸውን ሦስት ነገሮች እንዲለምነኝ አደርጋለሁ። የሚለምነኝን ነገር ሳይሆን የትኛውን እንዳስቀደመ ነው የማዳምጠው። ትንሹን ያስቀደመ እንደሆነ፣ ባለቤቱ አይመጣም፣ ተነሥተህ መደቡ ላይ ተቀመጥ እለዋለሁ። ብዙዎቹ ያፍራሉ። አንዳንዶቹ እምቢ ይላሉ። ያኔ መስመሩ ላይ ጣቴን አስቀምጬ እስኪጽፉ እጠብቃለሁ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በተለይ አስተማሪዎች፣ ልጅ ያላችሁም፣ እስቲ ዛሬውኑ ሞክሩት። አንድ ልጅ አቁሙና ሦስት ነገር እንዲለምናችሁ አድርጉ። ምንም አታስረዱት። መጀመሪያ የሚለውን ብቻ ስሙ።